በእናቱ አጥንት ያስማልኩባት ብሎን

ለአንዲት ብሎን ሽማግሌ ሲቀመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ አየሁ። በገዛ ጋራዤ!

ሽማግሌዎቹን የጠራሁት እኔ ነኝ። ከሳሹም እኔ ነበርኩ። ማስረጃውን በላስቲክ ከረጢት አሽጌ፣ ወንበር ደርድሬ፣ ውኃ አቀዝቅዤ የጠበቅሁትም እኔው ነኝ።

ለውርደቴ እንዲህ በሚገባ የተዘጋጀሁበት ቀን በሕይወቴ የለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ይህን ፖስት ባለቤቴ ሰብለ አስቀድማ አንብባዋለች። በቅንፍ ውስጥ የምታዩዋቸው እርማቶች የእርሷ ናቸው። እርማት ለምን እንዳስፈለገኝ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

አሁን ስለ መኪናዋ።

አምሳ አራት ዓመቴ ነው። የታሪክ ምሩቅ ነኝ፤ ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባል ቦታ ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ዕቃ ቆጣሪ ነኝ። በዚህ ዕድሜ የሚያፏጭ መኪና መያዝ ነውር ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን አለኝ! ባለ ቱርቦ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ወደ ሌላ ስቴት ከሚዛወር የሥራ ባልደረባዬ ገዛኋት። (ሰብለ፦ አምስት ዓመት ሆነው።)

ለማታውቁት፣ ቱርቦ ማለት ሞተሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር እየገፋ የሚያጎርሰው መሣሪያ ነው። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ፣ ትርፉን የሚያስተነፍስ አንድ በር አለው። ወደዚያ በር በምትሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ መካከል የጣት ቁመት ያላት የነሐስ ዕቃ ትገባለች። ቦስት ኮንትሮለር ትባላለች። አናቷ ላይ ብሎን አላት። ብሎኗን ወደ ውስጥ ባዞራችኋት ቁጥር በሩ ዘግይቶ ይከፈታል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ መኪናዋ ትበራለች።

ከልክ በላይ ካዞራችኋት ሞተሩን ትገድሉታላችሁ።

የሰው ልጅም እንዲሁ ነው ልል ነበር፤ ተውኩት። ዛሬ ፍልስፍና የመናገር መብቴ ተገፏል።

ዕቃዋን የገጠምናት ከግርማ ጋር ነው። ግርማ ጓደኛዬ ነው። ነበር ልበል? አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። (ሰብለ፦ ይህ ትክክል ነው።) ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከሰመርሊን ተነሥቼ፣ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ካለው አፓርታማው አሳፍሬው፣ በፍሪዌዩ ሽቅብ ወደ ሥራ እንሄዳለን። እኔ አወራለሁ፤ እርሱ ይሰማል። አንዳንዴ "እህ" ይላል።

የእርሱ አንድ "እህ" ከብዙ ሰው ንግግር ይሻለኝ ነበር።

ስንገጥማት ብሎኗን ሁለት ዙር ብቻ አዞርናት፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ከዐሥራ አራት እንዳያልፍ። ዳዶዋን ካጠበቅን በኋላ ግርማ በነጭ የቀለም እስክሪብቶ ከብሎኗ አናት እስከ ዳዶዋ ድረስ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር አሰመረባት።

"ሰው ከነካት መስመሯ ትሰበራለች፤ ያን ጊዜ እናውቃለን" አለኝ።

ይህችን ቃል ያዙልኝ።

እንግዲህ ከአንድ ወር በፊት ገደማ፣ ሐሙስ ጠዋት (ሰብለ፦ ረቡዕ)፣ የሁለት ቀን ፈቃዴን ጨርሼ ብቻዬን ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር። ግርማ ኦፍ ነበር። የኤፔክስን ዳገት ስይዝ፣ እንደ ልማዴ፣ ነዳጅ ረገጥኩ።

መርፌው ዐሥራ አራትን አለፈ። ዐሥራ ስምንትን አለፈ። ሃያ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ማጅራቱን እንደተመታ ሰው ድርግም አለ!

ከኋላዬ የነበረው ተሳቢ መኪና ጥሩምባውን እያምባረቀ በጎኔ ሲያልፍ የጎማው ቁመት ከመስኮቴ በላይ ነበር። ዳር ይዤ ቆምኩ።

ቅዳሜ ዕለት ኮፈኑን ከፍቼ እንደ ምሁር መመርመር ጀመርኩ። በመጀመሪያ ቱቦዎቹን በሳሙና ውኃ አጠብኳቸው፤ ቀዳዳ ካለ አረፋ ይነፋል። አረፋ የለም። ቀጥሎ ዕቃዋ ተገልብጣ እንደሆነ አየሁ፤ ጎኗ ላይ የአየሩን መሄጃ የሚያሳይ ቀስት አለ። ቀስቱ ትክክል ነው። በመጨረሻ ዕቃዋን ከነጭራሹ አወጣኋትና ቱቦውን ያለ እርሷ በቀጥታ አገናኝቼ ነዳሁ።

መርፌው ሰባት ላይ ተኛ። እንደ በግ!

እንግዲህ ቱቦው ደኅና፣ በሩ ደኅና፣ መለኪያው ደኅና። የቀረችው ብሎኗ ናት። ከዳዶዋ ውጭ የሚታዩትን ጥርሶች ቆጠርኳቸው። ሁለት ዙር ገብታ የነበረችው ብሎን አራት ዙር ተኩል ገብታለች።

ብሎን ብቻዋን አትዞርም። ታዲያ ማን አዞራት?

እኔ አልነካኋትም። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ አልኩ። በዚያ ሳምንት ከእኔ ሌላ መኪናዋን የነዳ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ረቡዕ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ እሑድ፣ የግርማ እናት አርባ ነበር። የእርሱ መኪና ጥገና ላይ ስለነበረች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲመላለስባት ቁልፉን የሰጠሁት እኔው ነኝ።

አንድ ተጠርጣሪ። አንድ አጋጣሚ። ታሪክ ያጠና ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ "የቃል ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል?" የሚል ነበር። ማጠቃለያው ላይ፣ አብዝቶ እርግጠኛ የሆነ ምስክር አብዝቶ ይመርመር ብዬ ጽፌያለሁ። ጥሩ ውጤት ተሰጥቶኝ ነበር። ዛሬ እንደገና ቢታረም የሚቀርልኝ ስሜ የተጻፈበት ገጽ ብቻ ነው።

በማግስቱ እሑድ አንድ የሥራ ባልደረባችን ልጁን ክርስትና አስነሥቶ፣ ሄንደርሰን ከተማ፣ ዋተር ስትሪት ላይ ባለ ምግብ ቤት ጋብዞን ነበር። ሰብለ ኦቨርታይም ስለነበረባት ብቻዬን ሄድኩ። ግርማ ጥቁሩን እንደለበሰ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት መኪና ውስጥ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ሁለታችን ብቻ ነበርን። መንገዱ ረጅም ነው።

ግን አይሆንም! ሰው በተሰበሰበበት ነው እንጂ!

"ግርሜ፣ መኪናዬን ምን አደረግህብኝ?"

ፈገግ አለ። ቀልድ መስሎት። "ምን ሆነች ደግሞ?"

"ብሎኗን ማን አዞራት?"

"የምን ብሎን? እኔ አልነካሁም።"

"ኮፈኑን አልከፈትክም?"

"ለምን ብዬ እከፍታለሁ ደሬ? ለእናቴ አርባ እኮ ነው የሄድኩት።"

ከጠረጴዛው ጫፍ አንዱ "ጋሽ ደረጀ፣ ካሜራ ያስገጥሙ እንጂ!" አለ። ሰው ሳቀ። ሳቁ በእኔ ላይ መሰለኝ።

"እንግዲያው ማል!" አልኩት።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ግርማ የማይምል ሰው ነው። እኛ "ማርያምን!" እያልን በየደቂቃው ስንምል፣ እርሱ ከ"እውነቴን ነው" አልፎ አያውቅም። እናቱ መሐላ አፍ ያቆሽሻል ብላ እንዳሳደገችው የነገረኝ በዚያች መኪና ውስጥ ነው።

"መሐላ እንደማልወድ ታውቃለህ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ንጹሕ ሰው መሐላ አይፈራም። በእናትህ አጥንት ማል!"

አዎ። ያልኩት ይህንን ነው። አፈሯ ያልደረቀ እናቱን።

እዚህ ላይ የሰብለ እርማት አያስፈልገኝም። ይህንን አልረሳሁትም።

ግርማ ሳህኑን በሁለት እጁ ወደ መካከል ገፋ አደረገው። ተነሣ። "በእናቴ አጥንት አልነካሁም" አለ። ለጋባዡ እጅ ነሥቶ፣ ሕፃኑን ግንባሩን ስሞ ወጣ።

እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ምግቤን ጨረስኩ!

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ከሌላ ሰው ጋር ነው ወደ ሥራ የሚመጣው። በእረፍት ሰዓት እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሥቶ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ አይቼ "ዐይኔን የሚሸሸው ጥፋተኛ ስለሆነ ነው" አልኩ። በሐሰት ምሏል ማለት ነው አልኩ። ለነፍሱ አዘንኩለት! እኔ! ለእርሱ!

ብቻዬን ዳገቱን ስወጣ ግን መኪናዋ ውስጥ የጎደለ ነገር ነበር። ወሬ ጀምሬ "እህ" የሚለኝ አጥቼ መሐል ላይ የማቆምባቸው ቀናት ነበሩ። ስለዚህ ሽማግሌ ጠራሁ። ይመንልኝ፣ ይቅር ልበለው፣ ሰኞ ላንሣው ብዬ።

ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስተኛው ኦቨርታይም ተጠርተው ቀሩ።

የመጀመሪያው ጋሽ በቀለ ናቸው። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ፣ የካዚኖ እንግዶችን የሚያመላልሱ አውቶቡሶችን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። "ነገሩ የሚሰማ ሳይሆን የሚታይ ነው፤ ጋራዥህ ውስጥ ይሁን" ያሉት እርሳቸው ናቸው። ሁለተኛው አቶ ታደሰ ናቸው። ዕድሜያቸውን ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድሉ ስለኖሩ፣ የሚዋሽ ሰው ፊት አያመልጣቸውም ይባላል።

ግርማም መጣ። በራፉ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ።

ከረጢቱን አቀረብኩ። ዕቃዋን ካወጣኋት ጊዜ ጀምሮ፣ የጣት አሻራ ይታይ ይመስል፣ አሽጌ አስቀምጫት ነበር።

"ስንት ዙር ነበረች?" አሉ ጋሽ በቀለ።

"ሁለት፣ ጋሼ።"

"ማን ቆጠረ?"

"እኔ።"

"የት ጻፍከው?"

"ጭንቅላቴ ውስጥ።"

አቶ ታደሰ ጣልቃ ገቡ። "እዚያ ስታስቀምጥ ደረሰኝ ይሰጡሃል?"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ገና የምስቅበት ሰዓት ነበር።

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አደረጉ። ዕቃዋን ከከረጢቱ አውጥተው ከበራፉ በሚገባው ብርሃን ላይ አገላበጧት። ጥፍራቸውን ሰደድ አድርገው ጫር አደረጓት።

"እዚህ ላይ ሁለት መስመር አለ" አሉ። "አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ።"

ነጩ የግርማ ነው አልኩ፤ ስንገጥማት ያሰመረው። ቀዩንም አይቼው ነበር፤ ከፋብሪካው የመጣ መስሎኝ ነበር።

"ነጩ ተሰብሯል። ግማሹ ዳዶዋ ላይ በዚህ በኩል፣ ግማሹ ብሎኗ ላይ በዚያ በኩል። እንግዲህ ነጩ ከተሠመረ በኋላ ዞራለች ማለት ነው።"

"ይኸው!" አልኩ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ!

"ቆይ። ቀዩ ግን አልተሰበረም። ከብሎኗ እስከ ዳዶዋ አንድ ነው። ቀዩ ከተሠመረ ወዲህ ማንም አልነካትም ማለት ነው።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ነጩን የሰበረው ሰው ነው ቀዩን የቀባው።"

አእምሮ ያለው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል።

"እንግዲያው ግርማ አዙሮ፣ እንዳይታወቅበት መልሶ ቀብቶታል!" አልኩ። የታሪክ ምሩቁ!

ጋሽ በቀለ ተነፈሱ። "ይህ የሴት የጥፍር ቀለም ነው፣ ልጄ። አይለቅም። አውቶቡሶቹ ላይ እኔም እርሱን ነበር የምቀባው።"

አቶ ታደሰ ወደ ግርማ ዞሩ። "አንተ፣ ሳንሰማ አገባህ እንዴ? የጥፍር ቀለሙን ከየት አመጣኸው?"

ግርማ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። ያዘው።

በዚህ ጊዜ ከቤት ወደ ጋራዡ የሚያስገባው በር ተከፈተ።

ሰብለ ናት። ሆቴል ክፍል ነው የምታጸዳው፤ ከሺፍቷ ገና እንደገባች፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ለእንግዶቹ ተጨማሪ ውኃ ይዛለች። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣች። ግርማን ስታይ ፊቷ በራ። "ግርሜ! የት ጠፋህብን?" ከዚያ በጋሽ በቀለ እጅ ላይ ያለችውን ዕቃ አየች።

"ኧረ ይህቺ የኔ ቀለም ናት!" አለች።

ጋሽ በቀለ ዕቃዋን ዘረጉላት።

"ደሬ፣ እነዚህን ትልልቅ ሰዎች ያስቸገርከው ለዚህች ነው እንዴ? እኔ አይደለሁ እንዴ የቀባሁልህ? እጅህ በዘይት ተጨማልቆ 'አንቺ አስምሪልኝ' ብለኸኝ?"

"የትኛው ቀን ነበር፣ ልጄ?" አሉ ጋሽ በቀለ።

"ቅዳሜ ነበር፣ ጋሼ። የግርማ እናት አርባ ዋዜማ።"

ወደ ወንበሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለምን ቀድሜ አልነገርኳትም ትሉኛላችሁ። "ግርማ መኪናዬን አበላሸብኝ" ብያት ነበር። ግጭት ወይም ጭረት መስሏት ነበር። ስለ ብሎን አልነገርኳትም፤ ስለ መሐላውማ እንዴት አድርጌ! (ሰብለ፦ ምን እንደተበላሸ ሁለት ጊዜ ጠይቄህ ነበር። "የወንዶች ጉዳይ ነው" አልከኝ።)

"ሲያዞራት ለምን እንደሆነ ነግሮሽ ነበር?" አሉ ጋሽ በቀለ።

ሰብለ አየችኝ። ነገሩ ያኔ ነው የገባት መሰለኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"'ነገ ግርሜ ነው የሚነዳት' አለኝ። 'ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ብቻውን ነው የሚሆነው። ትንሽ ትብረርለት፤ ልቡን ቅልል ይበለው' አለኝ።"

ጭንቅላቴን እንደ ኪስ ገለበጥኩት። ቅዳሜዋን ፈለግሁ። ዘይቱን፣ ቀለሙን፣ ከንፈሯን ነክሳ መስመሯን ስታሰምር ፈለግሁ።

ባዶ።

ወዳጆቼ፣ ሰው ጥፋቱን ይረሳል። የተለመደ ነው፤ ይመቻልም። እኔ የረሳሁት ደግነቴን ነው! ረስቼውም አልቀረሁ፤ ለእርሱ ብዬ ባደረግሁት ነገር እርሱን ከስሼ፣ በእናቱ አጥንት አስማልኩት!

ጋሽ በቀለ ወደ ግርማ ዞሩ። "አንተ ስትነዳት ምንም አልተሰማህም? ስትበር?"

ግርማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

"አልበረረችም፣ ጋሼ። ከስልሳ ማይል አላለፍኩም። ቀኝ መስመር ይዤ ነው የሄድኩት፣ የተመለስኩት። የእናቴ ፎቶ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ መስታወቱ እንዳይሰበር ፈራሁ።"

ስጦታዬ እንኳ አልደረሰውም።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ጋሽ በቀለ "ሰው በመሐላ ያዋረደ ድንጋይ ይሸከማል፤ የአባቶቻችን ወግ ነው" አሉ። "ድንጋይ አለህ?"

ሰመርሊን ነው የምኖረው! ከድንጋይ ሌላ ምን አለኝ? ከቤቴ ፊት ሣር የለም፤ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በፈቀደው ቀለምና በፈቀደው መጠን የተነጠፈ ድንጋይ ነው ያለው። አንዱን መርጬ ከአፈሩ ነቀልኩት። ትከሻዬ ላይ ወጣ። ከበደኝ።

በዚያች ደቂቃ ጎረቤቴ ውሻዋን ይዛ አለፈች። እኔ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በራፉ ላይ ቆመው እያዩኝ።

"ላንድስኬፒንግ ነው?" አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ ግቢ እያስዋብክ ነው ወይ ማለቷ ነው።

"አዎ" አልኳት።

"ወገብህን ተጠንቀቅ" አለችኝና ሄደች።

ጋራዡ ውስጥ፣ ዘይት ያረፈበት ሲሚንቶ ላይ፣ ግርማ እግር ሥር ተንበረከክሁ። "ይቅር በለኝ" አልኩት። ሌላ የሚያምር ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋኝ። በዚህ የምትገረሙ አይመስለኝም።

ግርማ ቶሎ አልተነሣም። በትከሻዬ ላይ የድንጋዩን ሙቀት እስኪሰማኝ ድረስ ቆየ፤ ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሣልኝ። መሬት ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌዎቹ "እሰይ!" አሉ። ጋሽ በቀለ መረቁን። ሰብለ አለቀሰች። (ሰብለ፦ ላብ ነው።)

በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ቆንጆ ፖስት ይወጣው ነበር።

"አንተን ይቅር ብያለሁ" አለ ግርማ። "ድንጋይህንም አንሥቻለሁ። እኔ ግን የእናቴን አጥንት ጠርቻለሁ። እርሱን ማን ያነሣልኛል?"

አቶ ታደሰ የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ሽማግሌ መልስ ሲያጣ ያየሁት ዛሬ ነው።

አቶ ታደሰ ሊያደርሱት ሲወጡ እስከ መንገዱ ተከተልኩት።

"ግርሜ፣ ሰኞ ላንሣህ?"

የመኪናውን በር ከፈተ።

"እህ" አለ። ገባ። ሄዱ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያዳመጥኩት "እህ" ነው። እሺ የሚለውን አውቀዋለሁ። ሰልችቶኛል የሚለውን አውቀዋለሁ። እንቅልፌ መጣ የሚለውንም አውቀዋለሁ። የዛሬው የትኛው እንደሆነ አላወቅሁትም።

ጋሽ በቀለ ወደ ኋላ ቀርተው ክንዴን ያዙኝ። "ልጄ፣ ሐኪም አይቶሃል?" አሉኝ። ለወገቤ የጠየቁኝ መስሎኝ "ደኅና ነው፣ ድንጋዩ አልጎዳኝም" አልኳቸው። ግንባሬን በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉና ሄዱ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሰብለ ስልኳን አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ውስጡ አጭር ማስታወሻ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ የረሳኋቸውን ነገሮች እየመዘገበች ኖራለች። ሳትነግረኝ። ወተት ሁለት ጊዜ የገዛሁበት። መውጫዬን አልፌ ብዙ የሄድኩበት። የእኅቷን ስም ያጣሁበት። አሥራ አንድ ነበሩ።

ከአሥራ አንዱ ያስታወስኳቸው አራቱን ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እየነገርኩህ ነበር" አለችኝ።

ዐሥራ ሁለተኛውን በራሴ ጣት ጻፍኩት፦ ቅዳሜ፣ ብሎን፣ ለግርሜ ብዬ። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ቀጠሮው እንዳይጠፋኝ ሰብለ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። በቀይ።

ዕቃዋን መልሼ አልገጠምኳትም። መርፌው ሰባት ላይ ይተኛ።

ድንጋዩን ግን ወደ ቦታው መመለስ አለብኝ፤ አለዚያ ከማኅበሩ ደብዳቤ ይመጣል። ጋራዡ መካከል፣ ግርማ ያስቀመጠበት ላይ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ላነሣው ሄጄ ተመለስኩ።

ለባለ ቱርቦዎች ምክር ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ። ግፊቱ ከልክ ካለፈባችሁ ቱቦውን በሳሙና ውኃ ፈትሹ። ቀስቱን አረጋግጡ። ዕቃዋን አውጥታችሁ በቀጥታ አገናኝታችሁ ሞክሩ። ያዞራችሁትን ጻፉት፣ በወረቀት ላይ! ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ደግሞ ሚስታችሁን ጠይቁ።

ኮሜንት ላይ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፤ ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ።

ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ነግሬያችሁ ነበር እንዴ? ነግሬያችሁ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ፤ አምናችኋለሁ። ማንንም አላስምልም።